ባንጆ የቀልድ መሣሪያ አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፦

ስለ አሜሪካ ሙዚቃ በሚቀርቡ ጽሑፎችና የራዲዮ ዝግጅቶች ባንጆ የሚባለው የአውታር መሣሪያ ሲነሣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ምስል ይከተለዋል፦ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ነጭ ገበሬ፣ ቀልድና የመኪና ማሳደድ። ይህን ምስል የፈጠሩት መድረክ፣ ሸክላና ፊልም ናቸው። ስለ መሣሪያው የሚጽፍ ሰው ይህንና የመሣሪያውን የራሱን ድምፅ ለይቶ ሊያውቅ ይገባል።

ባንጆ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ተወስደው የነበሩ ሰዎች በካሪቢያንና በሰሜን አሜሪካ ቅል ላይ ቆዳ ወጥረው የሠሩት ነው። በሴኔጋልና በጋምቢያ የሚኖሩት ጆላዎች አኮንቲንግ የሚሉት መሣሪያ ዛሬም ሦስት አውታር አለው። አጭሩን አውራ ጣት ይነካዋል፤ ረጅሙ በጥፍር ጀርባ ወደ ታች ይመታል። ባለ 5 አውታሩ ባንጆም አምስተኛ አውታሩ አጭር ነው፤ መቃኛው ከአንገቱ ጎን፣ 5ኛው ፍሬት (ጣት ሲጫን ድምፁን የሚለይ፣ አንገቱ ላይ ያለ የብረት መስመር) አጠገብ ተተክሏል። ክሎውሀመር የሚባለው፣ በጥፍር ወደ ታች የሚመታው የባንጆ ስልትም ከጆላዎቹ አመታት ጋር በጣም ይመሳሰላል።

እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የቨርጂኒያው ጆኤል ስዊኒ ከጥቁሮች የተማረውን ባንጆ ፊቱን አጥቁሮ መድረክ ላይ አወጣው። በ1843 በኒውዮርክ አራት ነጮች ቨርጂኒያ ሚንስትሬልስ ብለው ተነሡ፤ በጥቁሮች ላይ የሚሳለቀው ትርኢት በየከተማው ተዛመተ። ብዙ ጥቁር ሙዚቀኞች ከጊዜ በኋላ ባንጆን የተዉበት አንዱ ምክንያት ይህ የስድብ ሽታ ነው። በ1920ዎቹ ደግሞ የሸክላ ኩባንያዎች ገበያውን በዘር ከፈሉት፤ ብሉዝ ለጥቁር፣ የገጠር ባንጆና ቫዮሊን ለነጭ። ባንጆ የሚጫወቱ ጥቁሮች ነበሩ፤ የተቀረጹት ግን ጥቂት ናቸው። ከዚያ በኋላ ሸክላውን ብቻ የሰማ አድማጭ መሣሪያው ከጥንት ጀምሮ የነጭ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ምስሉን ያጸኑት ግን ሁለት ፊልሞች ናቸው። በ1967 የወጣው «ቦኒ ኤንድ ክላይድ» ለመኪና ማሳደዱ የመረጠው የባንጆ ተጫዋቹ ኧርል ስክራግስ በ1949 ያስቀረጸውን ዜማ ነው። የፊልሙ ታሪክ በ1930ዎቹ የሚካሄድ ሲሆን፣ ስክራግስ በሦስት ጣት የሚመታውን ስልት ይዞ ወደ ሙዚቀኛው ቢል ሞንሮ ባንድ የገባው በ1945 መጨረሻ ነው። ዘመኑ ባይገጥምም አልቀረም፤ ከዚያ ወዲህ ለማሳደድ ባንጆ ሆነ።

በ1972 «ዴሊቨራንስ» ወጣ፤ በጆርጂያ ገጠር አንድ ዝምተኛ ልጅ ከእንግዳ ጊታር ጋር በባንጆ ይፎካከራል። ልጁ ባንጆ አይችልም ነበር። ከኋላው የተደበቀ ሙዚቀኛ እጁን በእጅጌው አሾልኮ ነው የተቀረጸው። የምንሰማው ድምፅ ብሩክሊን ተወልዶ በኒውዮርኩ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በጁሊያርድ የተማረው የኤሪክ ዋይስበርግ ነው። ዜማውን ደግሞ አርተር ስሚዝ ቀደም ብሎ በ1955 አስቀርጾታል፤ ስሙ ስለተዘለለ ፍርድ ቤት ሄዶ መብቱን አስከብሯል። ቅጂው በ1973 በአሜሪካው የዘፈን ሰንጠረዥ በቢልቦርድ 2ኛ ደረጃ ደረሰ፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኖታዎቹም ገጠሬን ኋላ ቀር ለማለት የሚዜሙ ስድብ ሆኑ። በሙዚቃ ትምህርት ቤት በተማረ ሰው የተመታ ዜማ የድንቁርና ምልክት መደረጉ ያሳዝናል።

ያ የሩጫ ስሜት ምክንያት አለው። በስክራግስ ስልት አንድ ባር (የምት መለኪያ ክፍል) ውስጥ 8 ኖታ ይገባል፤ አውራ ጣት የፕላስቲክ፣ ጠቋሚና መሃል ጣት የብረት ፒክ (አውታር መምቻ) ያጠልቃሉ። ኖታዎቹ 3፣ 3፣ 2 ሆነው ስለሚከፈሉ ምቱ ወደፊት የሚገፋ ይመስላል። ቆዳው ቀጭን ነውና የአውታሩን ኃይል ፈጥኖ ይጨርሰዋል፤ ድምፁ ጎልቶ ይወጣና ወዲያው ይጠፋል፤ ክፍተቱን ለመሙላት ኖታ መደርደር ግድ ይሆናል። በዚህ ላይ የነሐስ ቀለበት፣ የጀርባ ክዳን፣ የብረት አውታርና ጂ ወይም ጂ ሻርፕ የሚባለውን ድምፅ እስኪሰጥ የተወጠረ የፕላስቲክ ቆዳ ሲጨመሩ የፊልሙ ድምፅ ይገኛል።

ከፊልሙ የተለየውን፣ የጥንቱን ድምፅ ለማግኘት ጀርባው ክፍት የሆነ ባንጆ ይወሰዳል። የብረቱ አውታር በናይለን ይተካል፤ ነገር ግን አንድ በአንድ፤ በርኩማው (አውታሮቹን ከቆዳው በላይ የሚይዘው እንጨት) በሙጫ ስላልተጣበቀ አውታሮቹ በአንድ ጊዜ ከተፈቱ ይወድቃል። ናይለን ወፍራም ስለሆነ በአንገቱ ጫፍ ያለው ጎድጓዳ መስመር ከጠበበው አውታሩ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ታች ያሉት ፍሬቶችም ከቅኝት ይወጣሉ። መስመሩ በጥንቃቄ በሞረድ ይሰፋል። ቀጥሎ ቆዳው ይላላል። ዙሪያውን ያሉት ብሎኖች ብዙውን ጊዜ 24 ናቸው፤ አንዱ ከተነካ ቀጥሎ የሚነካው ፊት ለፊቱ ያለው ነው፤ በየተራው ከሩብ ዙር አይበልጥም። ጎን ለጎን ከተሄደ ማቀፊያው ያዘነብላል፤ መልሶ ሲጠብቅም ቆዳው ከጠርዙ ይሰነጠቃል። የእንስሳ ቆዳ ከሆነ፣ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው እንደሚያውቀው፣ በእርጥበት ይላላል፤ በዝናብ ቀን አጥብቆ የተወው ሰው ሲደርቅ ተቀዶ ያገኘዋል።

በመጨረሻም በርኩማው ይስተካከላል። አውታሩ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ የሚሰጠው ድምፅ እዚያው በስሱ ተነክቶ ከሚሰጠው ከፍ ካለ በርኩማው ከአንገቱ ይራቅ፤ ዝቅ ካለ ይቅረብ። ከዚያ ቅኝቱን ዝቅ አድርጎ በጥፍር መምታት ነው። የሚወጣው ድምፅ ወፍራምና ለስላሳ ስለሆነ ለኀዘን ዜማም ይበቃል። በቅል በተሠራ ባንጆ ላይ ግን የብረት አውታር መቼም አይታሰር፤ አንገቱ ይጎብጣል፣ ቆዳውም ወደ ውስጥ ይሰምጣል።

የሙዚቃ ዝግጅት ክፍሎች ባንጆ ሲያሰሙ ቢያንስ ሦስት ነገር ይንገሩን፦ የአውታሩን ቁጥር፣ የአመታቱን ስልትና የተቀረጸበትን ዓመት። የአየርላንድ ሙዚቀኞች የሚጫወቱት ባለ 4 አውታሩ ቴኖር ባንጆ በፒክ የሚመታ ሌላ መሣሪያ ነው፤ ከስክራግስ ጋር በአንድ ስም ማለፍ ስህተት ነው። ከስክራግስ ቀጥሎም በ2011 የግራሚ ሙዚቃ ሽልማት ያገኙትን ጥቁር ሙዚቀኞች ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስን፣ ወይም በ1858 በተሠራ ባንጆ አምሳል የተሠራውን የምትጫወተውን ሪያነን ጊደንስን ያሰሙን። ሁለቱ ድምፆች በአንድ ሰዓት ዝግጅት ውስጥ ተከታትለው ይገባሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ