ይድረስ ለወንድም ዓለም፣ ከደሴ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንዴት ነህ? ልጆቹስ፣ እናታቸውስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማን ቀድሞ እንደጠፋ መቁጠር ከጀመርን ደብዳቤው ወደ ክስ ይዞራልና እሱን እንተወው። እናቴ ግን አልተወችህም፤ ቡና በተፈላ ቁጥር «ያ ልጅ ሞቶ ነው ወይስ ከብሮ?» ትላለች። ከብሮ ነው እያልኩ አስተባብልልሃለሁ።

ሰላምታ በላክበት ሰው ፊት «ሰባኪ ሆነ አሉ» ብለህ ስቀሃል አሉኝ። ሰባኪስ አልሆንኩም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን የሙጋድ ልጆች እኛ በረንዳ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ማማተብ ያልለመደው ይለምዳል፣ «አባታችን ሆይ» እንላለን፣ ታሪክ እነግራቸዋለሁ፣ ጥቂት ዘምረው፣ ቆሎ በልተው ይበተናሉ። በቃ ይኸው ነው። ሰንበት ትምህርት ቤቱ እንደ ድሮው አለ፤ እነዚህ ግን ገና አስፋልት ለብቻቸው የማይሻገሩ ናቸው። የደሴን ክረምት ደግሞ አንተም አትረሳውም፤ የጦሳ ተራራ ጉም ከለበሰ ትልቁም ሰው ከቤቱ አይወጣም።

ከታሪክ ሁሉ የሚወዱት ያንን አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ የያዘውን ብላቴና ነው። ለእኛ አገር ልጅ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ገብሱን ያውቀዋል፣ ዓሣውንም ከሐይቅ ሲመጣ ያየዋል። ባለፈው ወደ ተአምሩ ልሮጥ ስል አንዷ እጇን አወጣችና «ለእናቱ ነግሮ ነው የሰጠው?» አለችኝ። ዮሐንስ ስለ እናቱ አልጻፈም። እኔ መልስ ስፈልግ አንዱ ከኋላ «አሥራ ሁለት መሶብ ተርፎ የለ! ለእሷም ይወስድላታል» ብሎ ገላገለኝ። የኔታ ቢሰሙት ኖሮ አንድምታ ላይ ይጨምሩት ነበር።

ለእናት መንገር ያለችው ነገር ግን ለኔ ዋናው ጉዳይ ሆኗል። ከሚመጡት መካከል የእስላም ጎረቤቶቻችን ልጆችም አሉ፤ አብረው ኳስ ሲራገጡ ውለው ጓደኞቻቸው በረንዳ ላይ ሲወጡ እነሱ ወዴት ይሂዱ? አንዱ፣ የጎረቤታችን የሐጂ የልጅ ልጅ፣ አንድም ቅዳሜ አይቀርም። ዝም ብዬ ማስቀመጡ ከነከነኝና እናቱ ዘንድ ሄድኩ። ሳቀች። «አብሽር፣ ታሪኩን ይስማ፣ ቆሎውንም ይብላ፤ ጸሎቱን ግን አታስብለው» አለችኝ። በዚሁ ተስማማን። ጸሎት ሲደርስ ወደ ጓዳ ይገባና ከእናቴ ጋር ቆሎውን ይዞ ይወጣል። ስለ ዮሴፍ የነገርኳቸው ቀን እኔ ገና ወንድሞቹ ጉድጓድ ሲጥሉት ላይ ነበርኩ፤ እሱ ቀድሞኝ ግብፅ ገብቶ ነበር። ቁርኣን ቤት ሰምቶታል። የቀረውን እንዲጨርሰው ለቀቅኩለት፣ ከኔ አሳምሮ ነገራቸው።

አንድ የምናውቀው ሰው ይህን ሰምቶ ተቆጣኝ። «በር ተከፍቶልህ ትዘጋለህ? ጌታ ‹ሕፃናትን ተዉአቸው፣ ወደ እኔም ይመጡ ዘንድ አትከልክሉአቸው› ብሎ የለም ወይ?» አለኝ። ብሏል። ግን እዚያው ማቴዎስ ላይ ከፍ ብለህ ብታነብ ልጆቹን ወደ እርሱ ያመጧቸው ሰዎች ናቸው፤ ከደጃፍ ተጠልፈው አልመጡም። እኔ ያመንኩትን አልደብቅም፣ ለጠየቀኝ እናገራለሁ፣ ለሐጂም ቢሆን ተናግሬ አውቃለሁ፤ እሳቸውም የእሳቸውን ይነግሩኛል፣ ሳንኳረፍ ቡናችንን እንጠጣለን። የሰባት ዓመት ልጅን እናቱ ሳታውቅ ማስደገም ግን ሌላ ነገር ነው። በሌላ ሰፈር በብስኩትና በከረሜላ የሚጠሩም አሉ ይባላል። ቆሎውስ ትለኝ ይሆናል፤ ቆሎው የእናቴ ነው፣ ላልመጣውም ትዘግናለች።

ደግሞ ይህን ወሎ ውስጥ ሆኖ መዘንጋት ይከብዳል። ቦሩ ሜዳ ከከተማችን ወጣ ብሎ ነው ያለው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚያ ከጠሩት የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ የወሎ እስላም እንዲጠመቅ ታውጆ፣ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ሲባሉ ክርስትና ያነሷቸው ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ይችን ደሴን ያቀኗትም እኒያው ሚካኤል ናቸው፤ በኋላ ንጉሥ ሆኑ። ባላባቱ በዚህ መንገድ ከበረ። የተራው ሰው ነገር ግን ሌላ ነው፤ በአዋጅ የተጠመቀው ብዙው ቀን ቤተ ክርስቲያን ስሞ ማታ ቤቱ ሰግዷል። የእስላምም የክርስቲያንም ስም ያለው አያት የሌለው የወሎ ቤት ስንት ነው? አንተስ ከእናትህ ወገን የላችሁም?

አሁን ፍልሰታ ነው፤ ውድድሩን መጥተህ ባየህ። ጾም ከሰባት ዓመት ጀምሮ ነው ብላቸው የአምስት ዓመቱም ሰባት ሞልቶኛል ብሎ ይምላል። እስከ ስድስት ሰዓት የቆየው እስከ ዘጠኝ በቆየው ይቀናል። ውኃ ጠጥተሃል አልጠጣህም ጠብ ሲነሳ ምላስ እያስወጣ የሚፈርደው ማን መሰለህ? ያው የሐጂ የልጅ ልጅ፤ በረመዳን ግማሽ ቀን ጾሞ ስለሚያውቅ ዳኝነቱን ሰጥተውታል። ቅዳሴ ላይ ለቁርባን ተሰልፈው፣ ነጠላቸው ጭቃ ነክቶት ሳያቸው ግን እንባዬ ይመጣል፤ አርጅቻለሁ መሰለኝ።

አንዷ ልጅ ታሳስበኛለች። በ2013 ክረምት፣ በሰሜኑ ጦርነት የከተማው ትምህርት ቤቶች በተፈናቃይ በተሞሉበት ጊዜ፣ ከቆቦ በኩል ከመጡት ቤተሰቦች ናት። ያኔ የታቀፈች ሕፃን ነበረች። ቀጥሎ በጥቅምት 2014 ደሴ ራሷ ስትያዝ ደግመው ተሰደዱ፤ አባቷ አልተመለሰም። እሷ ራሷ ምንም አታስታውስም፤ ቤት ውስጥ የምትሰማው ግን አለ። «አባታችን ሆይ»ን ከሁሉ አጥርታ ትላለች፤ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ጋ ስትደርስ አፏን ትዘጋለች፣ እሱን አልፋ ከሌሎቹ ጋር ትቀጥላለች። መጀመሪያ ጠፍቷት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ለብቻዋ «አባቴን የገደሉትንም?» አለችኝ። ምን ልበላት? አዎ ማለት ለኔ ቀላል ነው፤ የሞተው አባቷ እንጂ አባቴ አይደለም። የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው፤ «አታስገድዳት፣ እናቷን አነጋግር፣ ጸልይላት» አሉኝ። እናቷን አነጋገርኳት። እናቷ ራሷም እዚያው ቃል ላይ እንደምታቆም ነገረችኝ። እንግዲህ ሁለቱንም እየጠበቅኳቸው ነው። አንተ ከእኔ በላይ አንብበሃልና የምትለኝ ካለ ጻፍልኝ።

ሌላው ልመናዬ ሥዕል ነው። ድሮ በካርቶን ላይ በከሰል ትስላቸው የነበሩትን የሚመስል ላክልኝ። በተለይ ሳሙኤልን፣ ሌሊት ተጠርቶ ወደ ዔሊ ሲሮጥ። ዔሊን ስታደርግ በጣም አታስረጀው፤ ትንንሾቹ ይፈሩታል።

ለግሸን መስከረም 21 መምጣትህ እንደማይቀር ሰምቻለሁ። መንገድህ በደሴ ነውና አልጋ እይዛለሁ እንዳትል፤ እናቴ አትሰማህም። አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብለህ ግባ። ያ አንተ ያለማመድከኝ ከበሮ ጠፍሩ ላልቶ ድምፁ ተበላሽቷል፣ እዚህ ያሳየሁት ሰው ሁሉ ቆዳው ይቀየር ይላል። እኔ ቆዳው ደህና ነው ባይ ነኝ፤ መጥተህ እስክታየው አላስነካውም።

ወንድምህ፣ ከሙጋድ
ነሐሴ፣ ደሴ