የውጭ አገር ክምር የመርካቶን ፌሮ ዋጋ አይተምንም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ብረት ዋጋ ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢ ስላየው አልደግመውም። አንዱን አንቀጽ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። በውጭ አገር ማዕድን ማውጫዎች የተከመረው የብረት ድንጋይ በድሮን ፎቶ ሲለካ ከወትሮው በልጧል፣ ስለዚህ ፈላጊ ጠፍቷል፣ እዚህም ፌሮ መርከስ ነበረበት፣ ካልረከሰ ነጋዴው ደብቆ ነው ትላላችሁ። ይህ ክስ ነው። ገዢውም ጋዜጣውን ይዞ መርካቶ እየገባ እኛን ነጋዴዎቹን እንደ ሌባ ማየት ጀምሯል።

ማዕድን ማውጫ ላይ የተከመረ ሁሉ ያልተሸጠ ዕቃ አይደለም። ከጉድጓድ ወጥቶ ገና ያልተፈጨ አለ፤ ተፈጭቶ ባቡር የሚጠብቅ አለ፤ የብረት ይዘቱ አነስ ስላለ ከተሻለው ጋር ሊቀላቀል የተቀመጠም አለ። ዋናው የገበያ ዋጋ ለዓመታት ሲጠራ የኖረው 62 በመቶ ብረት ላለው ማዕድን ነው። ከጉድጓድ የሚወጣው ግን አንዱ ጭነት 58፣ ሌላው 64 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማሽኑ በክምሩ ርዝመት እየተመላለሰ ስስ አድርጎ ይደርበዋል፤ ሲነሳ በወርዱ ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ ጭነት ከሁሉም ንብርብር ስለሚይዝ ይዘቱ ይስተካከላል። ያለ ክምር ይህ ሥራ አይሠራም።

ፈላጊ ሳይጠፋም ክምሩ ያድጋል። በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፒልባራ ውስጥ፣ አውሎ ነፋስ ሲመጣ የፖርት ሄድላንድ ወደብ ይዘጋል፤ መርከብ ባይጫንም ቁፋሮው ይቀጥላል። የሐዲድ ጥገናም ያንኑ ያመጣል። ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ምክንያቱን አይለይም።

ልኬቱም ቢሆን። ድሮን የሚሰጠው ሜትር ኩብ ነው፤ ቶን የሚሆነው በግምት ተባዝቶ ነው። 100,000 ሜትር ኩብ፣ አንዱ 2.2 ቶን ይመዝናል ከተባለ 220,000 ቶን፣ 2.6 ከተባለ 260,000 ቶን ይሆናል። እርጥበቱ 8 በመቶ ከሆነ ደግሞ ከ100 ቶን ደረቁ 92 ብቻ ነው፤ ዋጋውም የሚታሰበው በደረቁ ነው። የጻፋችሁት ቶን እርጥብ ይሁን ደረቅ የትም አልተገለጸም። ክምችቱን ድንጋዩን ለሚያቀልጡት ምድጃዎች የቀን ፍጆታ አካፍላችሁ ስንት ቀን እንደሚያቆይ ብትነግሩን፣ ድንጋዩን አብዝታ ከምትገዛው ከቻይና ወደቦች ክምችት ጋርም ብታስተያዩት፣ ፍላጎት ቀዝቅዟል ስትሉ እሰማችሁ ነበር።

አሁን ወደ መርካቶ። የአገራችን የፌሮ ፋብሪካዎች በአብዛኛው ድንጋይ አያቀልጡም። ወይ በጅቡቲ የገባ ቢሌት (ገና ፌሮ ያልሆነ የብረት ግንድ) አግለው ይዳምጣሉ፣ ወይ ቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ ምድጃ ያቀልጣሉ። ስለ ቁርጥራጩ ዋጋ ምናለሽ ተራ ሄዶ መጠየቅ ይቻል ነበር። ፎቶግራፋችንን አትማችኋል፤ ቃላችንን ግን የጠየቀ የለም።

ቢሌቱ ከድንጋይ የተሠራ ነው እንበል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ አንዱ ቤርጋ (ዘንግ) ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ክብደቱ 10.66 ኪሎ ነው። አንድ ቶን ብረት 1.6 ቶን ድንጋይ ግድም ስለሚፈልግ፣ ለአንዱ ቤርጋ 17 ኪሎ ይበቃል። የድንጋዩ ቶን 92 ዶላር ቢሆን ይህ 1.57 ዶላር ነው። ድንጋዩ በ10 በመቶ ቢረክስ ከቤርጋው ላይ የሚነሳው 16 ሳንቲም ዶላር ነው! ከሰሉ፣ መብራቱ፣ የመርከቡና የከባድ መኪናው ኪራይ፣ ቀረጡ፣ የባንኩ ወለድ ባሉበት ናቸው።

ምንዛሪውን ደግሞ ጨርሶ ረስታችሁታል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ድንጋዩ በቶን ወደ 140 ዶላር ነበር፤ በመስከረም ወደ 92 ወረደ። በመካከሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። 140ን በ57 ብናባዛ 7,980 ብር ነው፤ 92ን በ110 ብናባዛ 10,120 ብር። በዶላር ሲሶው የረከሰ ድንጋይ በብር ተወደደ። በዚያ ወቅት ቢሌት ለማስገባት ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) የከፈተ ሰው ምን ደበቀ?

የትኛው ማዕድን ማውጫ እንደሆነ፣ ክምሩ የተፈጨ ይሁን ያልተፈጨ፣ መቼ እንደተለካ በሚቀጥለው እትም ጻፉልን። «ደብቆ ነው» የሚለውን ደግሞ ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ አርሙልን።

ከመርካቶ ብረት ነጋዴዎች አንዱ
አዲስ አበባ