ስለ ጉልበትህ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን ያህል ጊዜ ስለ ተጠፋፋንበት ነገር ስንገናኝ እናወራለን፤ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት እህትህ ገበያ አግኝታኝ ጉልበትህን እንደሚያምህና በዚህም የተነሣ ከወንበር ዝቅ ብለህ መቀመጥ ጨርሶ እንደተውህ ስላጫወተችኝ ነው። መተውህን አልወደድሁልህም።

ብዙዎቻችን መገጣጠሚያን እንደ መኪና ጎማ በዞረ ቁጥር የሚያልቅ አድርገን እናስባለን። ይሁን እንጂ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹም በደንብ የሚዘዋወረው ስንንቀሳቀስ፣ ካርቲሌጁ ሲጫንና ሲለቀቅ ነው። ቀኑን ሙሉ በወንበር ልክ ብቻ ታጥፎ የሚውል እግር ከዚያ በላይ መታጠፍ እየከበደው ይሄዳል፤ ቁርጭምጭሚት ይደርቃል፣ ቁጢጥ ልበል ስትልም ተረከዝህ ከመሬት ይነሣል።

መቀመጥ ራሱ ጠላት ነው የሚሉትን አትስማቸው። በታንዛኒያ በአደንና በለቀማ ስለሚኖሩት ሐድዛዎች በ2020 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ እነርሱም በቀን 10 ሰዓት ያህል ያርፋሉ፤ ነገር ግን ከዕረፍታቸው ከፊሉን ቁጢጥ ብለው ወይም ተንበርክከው ስለሚያሳልፉት፣ ያን ጊዜ የእግራቸው ጡንቻ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ሰው ይልቅ ይሠራል። እኔማ ታንዛኒያ ድረስ መሄድ አላስፈለገኝም። እዚህ ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያው ብትመጣ ዓሣ የሚያጸዱትን ልጆች ታያለህ፤ ተረከዛቸው መሬት እንደነካ ቁጢጥ ብለው ሆዱን ሰንጥቀው ሆድ ዕቃውን ያወጡና፣ ሳህኑን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ምንም ሳይደገፉ ብድግ ይላሉ። በገጠር ሲዳማም እንሰት የሚፍቁ እናቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ሲሠሩ የዳሌያቸው መታዘዝ የእኛን የቢሮ ሰዎች ያሳፍራል።

ማብዛቱም ደግ አይደለም፤ ቤጂንግ ውስጥ በአረጋውያን ላይ በተደረገ ጥናት፣ በወጣትነታቸው በየቀኑ ለረጅም ሰዓት ቁጢጥ ይሉ በነበሩት ላይ የጉልበት አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ሕመም) በርከት ብሎ ታይቷል። ስለዚህ የምልህ አቀማመጥህን እየለዋወጥህ ዋል ነው። ቡና ሲፈላ ዱካ ላይ ተቀመጥ፤ ጠዋት ጠዋት የበሩን መቃን ይዘህ ሳያምህ እስከምትችለው ድረስ ብቻ ዝቅ በልና ትንሽ ቆይተህ ተነሥ። ጉልበትህ ካበጠ ወይም ሌሊት እንቅልፍ ከነሣህ ግን ይህን ሁሉ ትተህ አስቀድመህ ሐኪም አማክር።

ለፋሲካ ወደ ሐዋሳ እንደምትመጣ እህትህ ነግራኛለች። ሶፋው ለእንግዳ ነውና ላንተ ዱካ እንዳዘጋጀሁልህ ከወዲሁ እወቀው።

ወንድምህ