ለየካቲቱ የጨረቃ ግርዶሽ

ሰላም ውድ አባላት፣

የካቲት 14 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከእንቅልፋችሁ ተነሡልኝ። ጨረቃ በምድር ፈዛዛ ጥላ ውስጥ ታልፋለች። ዋናው ጥቁር ጥላ አይነካትም። ስለዚህ አትቀላም። በሰሜን በኩል ያለው ጠርዟ ብቻ ጭስ እንደነካው ይጠይማል። ቸኩሎ ያየ ሰው "ምንም የለም" ብሎ ይገባል። እባካችሁ ታገሱ! ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ አንዴ እዩዋት፣ ከዚያ 8 ሰዓት ከሩብ ገደማ ድገሙ። ልዩነቱ ያኔ ይታያችኋል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ምልልሱ ነው። የዚህ ግርዶሽ ታላቅ ወንድም የካቲት 2 ቀን 2001 ዓ.ም. መጥቶ ነበር። ዑደቱ ሳሮስ ይባላል፤ 223 የጨረቃ ወር፣ ማለትም 18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ። በዚያች በ8 ሰዓቷ ምድር ሲሶ ዙር ትዞራለች። ለዚህ ነው በ2001 ግርዶሹ ሲያጋምስ ደብረ ብርሃን ላይ ጨረቃ ገና ያልወጣችው። በ2037 ደግሞ ረፋድ ላይ ይሆንብናል። ሌሊት የሚደርሰን የአሁኑ ነው።

ከከተማው መብራት ወጣ ብለን እንገናኛለን። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ደርቡ፣ ትኩስ ሻይም በፔርሙስ ያዙ።