ክሩ አልተበጠሰም ነበር

ልጄ ሚሚዬ፣

እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን። ከሰማያዊው የማጥመጃ ሳጥን ጋር ያለው በርበሬ ከእናትሽ ነው፤ ሲደርስሽ ደውይላት።

ከጓደኞችሽ ጋር የቨርጂኒያን ሸናንዶዋ ወንዝ በካኑ፣ በዚያች በቀዘፋ ጀልባ፣ ልትወርዱ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ትንሽም ቀናሁ። ምክር ስለጠየቅሽኝ በስልክ ከምለፈልፍ ልጻፈው አልኩ። ደግሞም 8 ዓመት ሆዴ ውስጥ የያዝኩት ነገር አለ፤ እሱን በስልክ አልችለውም።

መጀመሪያ መንገዱ። የዛሬ 8 ዓመት እኔና አንቺ የሄድንበትን ሂዱ፤ በደቡቡ ቅርንጫፍ ከፎስተርስ ተነስታችሁ ቤንተንቪል ውጡ። አንዱን መኪና ቀድማችሁ ቤንተንቪል አቁሙት። ልብ በይ፣ ያ ወንዝ ወደ ሰሜን ነው የሚፈሰው። እኔ ይህን ረስቼ መኪናችንን በላይኛው በኩል አቁሜ ነበር፤ እናትሽ እስከ ዛሬ ለእንግዳ ታወራዋለች።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት (በእናንተ 7 መሆኑ ነው) ውሃው ላይ ሁኑ። ላይፍ ጃኬቱን ልበሱት እንጂ አትቀመጡበት። ቤንተንቪል ልትደርሱ ስትሉ ኮምፕተን የሚባል ውሃው የሚንደረደርበት ቦታ አለ፤ ዳር ይዛችሁ አይታችሁት ግቡ። ዘንቦ ውሃው ቡና ከመሰለ ግን ቅሩ። ሌላ ቅዳሜ አለ። ያኔ 13 ዓመትሽ ስለነበር የማጥመጃ ፈቃድ አላስፈለገሽም፤ ከ16 ጀምሮ ግን ቨርጂኒያ ትጠይቃለች።

ስሞልማውዝ የሚባለው አሣ የት እንደሚውል ታውቂያለሽ። ወንዙን አግድም ከሚያቋርጡት የድንጋይ እርከኖች ሥር፣ ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ክሬይፊሽ፣ ያንን ሸርጣን መሰል የወንዝ ፍጥረት፣ ይወዳል። ስለዚህ ቡናማውን የፕላስቲክ ማባበያ መሬት መሬቱን ቀስ እያልሽ ጎትቺው። "ትንሽ አፍ" ያሉትን ሰዎች ግን ታዝቤያቸዋለሁ፤ ከዘመዱ ከላርጅማውዝ ጋር ሲተያይ ነው እንጂ አፉስ ምኑም ትንሽ አይደለም።

ያ አሣ እንደኛው መጤ ነው፤ ነግሬሽ አውቃለሁ? በፈረንጅ አቆጣጠር 1854 ወደ 30 የሚሆኑት በባቡር፣ በእንፋሎቱ የውሃ ጋን ውስጥ ሆነው ተራራውን ተሻገሩ። ሜሪላንድ ውስጥ ከምበርላንድ በምትባል ከተማ ቦይ ውስጥ ተለቀው ከዚያ ወደ ፖቶማክ ወንዝ ገቡ። ሸናንዶዋም ሄዶ ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ፖቶማክን ነው የሚቀላቀለው። ትኬት ሳይቆርጡ የመጡ ናቸው እላለሁ ሁልጊዜ።

የያዛችሁትን ልቀቁት። እኔ ባሕር ዳር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ቆሮሶ ወደ ድስት ሲሄድ እንጂ ወደ ጣና ሲመለስ አይቼ አላውቅም። "አባዬ፣ ልቀቀው" ስትይኝ እጄ እሺ አላለኝም ነበር። ግን ያ ወንዝ ድሮ የገባበት ሜርኩሪ አለ፤ አሣውን ስለመብላት የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ስትይዙት እጃችሁን አርጥቡ፤ ደረቅ እጅ የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፈዋል።

አሁን ወደዚያኛው ነገር።

ከኮምፕተን በላይ የያዝሽውን አሣ ታስታውሻለሽ። ሁለቴ ከውሃው ዘለለ። ነሐስ የመሰለ ጎኑንና ቀይ ዓይኑን ሁለታችንም አየን። ዘንግሽ ጎበጠ፣ ጎበጠና በድንገት ቀና አለ። ክሩ ባዶውን መጣ። "ቶሎ ስቤው ነው" ብለሽ አለቀስሽ። እኔም "ክሩ ተበጠሰ፣ ያጋጥማል" አልኩሽ።

ክሩ አልተበጠሰም ነበር። ያንቺ ክር ጫፉ እንደ ከርዳዳ ፀጉር ተጠቅልሎ ነበር። እንደዚያ የሚሆነው ቋጠሮው ሾልኮ ሲፈታ ነው። የቋጠርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ክሩን ሳላረጥብ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ቡናዬ እንዳይቀዘቅዝ እያሰብኩ። አንቺ ሳታዪኝ ጫፉን በጥርሴ ቆርጬ ኪሴ ከተትኩት። አምና እንኳ ለአጎትሽ "እኔ ነኝ ያስመለጥኩት" ስትዪው ሰማሁ። ዝም አልኩ።

ቨርጂኒያ 20 ኢንች ለሞላ ስሞልማውዝ የምስክር ወረቀት ትሰጣለች። ያ ይሞላ ነበር አልልሽም። 18 ይሆናል። እሺ፣ 19።

አሁን ራስሽ ቋጥሪ። ክሩን በምራቅሽ አርጥቢ፣ ቀስ ብለሽ አጥብቂ፣ ከመወርወርሽ በፊት ሳብ አድርገሽ ሞክሪው።

ይህን ለእናትሽ አትንገሪያት። መኪናው ይበቃታል።

አባትሽ