ፎቶው የኛ፣ ስሙ የሕንድ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ሽፈራው (ሞሪንጋ) የስኳር በሽታን ድራሹን ያጠፋል ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከፎቶው ጀምሬ ነው ያነበብኩት። ከፎቶው ሥር ያለችው መስመር ግን አላሳልፍ አለችኝ፦ «ሞሪንጋ ኦሌይፌራ፣ ከሕንድ የመጣው ተአምረኛ ተክል»። እስቲ ፎቶውን ደግማችሁ እዩት። ግንዱ እንደ እንስራ ሆድ የተነፋ ነው፤ ከጀርባው በድንጋይ የተካበ እርከን፣ በእርከኑ ላይ ማሽላ ይታያል። ይህ ኮንሶ ነው! ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበውን እርከን እንኳ ሕንድ ወሰዳችሁት።

የሕንዱ ሞሪንጋ ኦሌይፌራ መነሻው የሂማሊያ ግርጌ ነው፤ ቀጠን ያለ ዛፍ ነው። የኛው ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ይባላል፤ አገሩ ደቡብ ኢትዮጵያና ሰሜን ኬንያ ነው። ጋሞዎች ሀሌኮ ይሉታል። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ይህን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ፎቶ አንሺያችሁ ከመኪና ወርዶ አንድ እረኛ ቢጠይቅ ይበቃው ነበር።

«ስም ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። እናንተው ስለ ቅጠሉ ንጥረ ነገር ስላወራችሁ ነው የሚያደርገው። «በኩዌርሴቲንና በኬምፕፌሮል የበለጸገ» ብላችሁ የጻፋችሁት ለሕንዱ ቅጠል የሚነገር ነው፤ ሁለቱም ፍላቮኖይድ ከሚባሉት የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ናቸው። በኛው ቅጠል ጎልቶ የሚገኘው ፍላቮኖይድ ሩቲን ነው። ዶክተር ሰሎሞን ሀብተማርያም በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ የኛን ቅጠል መርምረው ሩቲንንና ኒዮክሎሮጀኒክ አሲድን ለይተዋል። ሩቲን ማለት ስኳር የተሸከመ ኩዌርሴቲን ስለሆነ «ያው ነው» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ያ የተሸከመው ስኳር ነው በአንጀት ውስጥ ዕጣውን የሚወስነው፤ ትልቁ አንጀት ደርሶ ባክቴሪያዎች እስኪፈቱት ድረስ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው።

«ከፍተኛ አንቲኦክሲዳንት» (ሴሎችን ከሚጎዱ ሞለኪውሎች የሚከላከል ንጥረ ነገር) የምትሉትም ቢሆን ብዙውን ጊዜ እንዲህ የሚለካ ነው፦ ዲፒፒኤች የሚባል ሐምራዊ ፈሳሽ ላይ የቅጠሉ ጭማቂ ጠብ ይደረጋል፤ ሐምራዊው እየደበዘዘ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ መሣሪያው ልዩነቱን ያነባል። ጥሩ ሥራ ነው፣ አልንቀውም። ግን የተፈወሰው ብልቃጡ ነው፤ ብልቃጥ ደግሞ ስኳር አይታመምም።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። አክስቴ ስኳር ታማሚ ናት። እንደናንተው ያለ ወሬ በሬዲዮ ሰምታ «ቅጠሉ ጓሮዬ እያለ ኪኒን ምን ያደርግልኛል» ብላ ሜትፎርሚኗን ከሣጥን ሥር ደበቀችው። እኛ ያወቅነው የእግሯ ቁስል አልድን ሲል ነው። ሐኪም ቤት ስንወስዳት የስኳር መለኪያው ቁጥር ማሳየት ትቶ «ከፍተኛ» ብቻ አለ። እንግዲህ ይህች ሴት ጥርስ ካወጣች ጀምሮ ኩርኩፋ የሚባለውን የእህል ምግባችንን በሽፈራው ስትበላ የኖረች ናት። ቅጠሉ እናንተ እንዳላችሁት ስኳርን ድራሹን የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያስ እንዴት ታመመች? ጋዜጠኛችሁ ይህን ጥያቄ ለአንድ የኮንሶ እናት አቅርቦ ቢሆን ርዕሱን በቀየረ ነበር። ግን ለማን ያቅርብ? በጽሑፉ ውስጥ ሦስት «ባለሙያዎች» አሉ፤ ኮንሶ ግን አንድም የለም። ዛፉን የተከለውም የሚበላውም አልተጠየቀም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ተመራማሪ አባቴ ማሳ መጥቶ ሁለት ጆንያ ቅጠል ጭኖ ሄደ። «ውጤቱን እልክላችኋለሁ» ብሎ ነበር። አባቴ እስካሁን ከተማ ደርሶ የሚመለስ ሰው ሲያገኝ «ያ ልጅ ወረቀት አልላከም?» እያለ ይጠይቃል።

ስለዚህ እርማት አውጡ፤ በመጨረሻው ገጽ ጥግ በጥቃቅን ፊደል ሳይሆን ፎቶውን ባወጣችሁበት ገጽ ላይ። ስሙ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ነው። ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች ሐኪማቸውን ሳያማክሩ እንዳያቋርጡም አብራችሁ ጻፉ። ፎቶውን መቀየር አያስፈልግም፤ እሱ ትክክል ነው።

አንድ የኮንሶ ተወላጅ አንባቢያችሁ