ዝናቡ ሳይመለስ፦ ለአዳራሻችን ጣሪያና ለጋራ የውሃ ማጠራቀሚያ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በጅማ ከተማና በአካባቢዋ ለምትኖሩ፣ ከዚህች ማኅበረ ምእመናን ወጥታችሁ በሥራና በትምህርት ምክንያት በሌሎች ከተሞችና በውጭ አገር ለምትገኙ ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲሁም በጉርብትና ለምታውቁን ወዳጆቻችን ሁሉ፣ የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

ይህን ጥሪ የምናቀርብላችሁ በኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሥር ያለች የአንዲት ትንሽ ማኅበረ ምእመናን የግንባታ ኮሚቴ አባላት ነን። የአዳራሻችንን ጣሪያ ከነወራጁ አፍርሰን በአዲስ ለመክደን፣ ዙሪያውን አሸንዳ ለመግጠም፣ ከጣሪያው የሚወርደውንም ውሃ ለእኛና ለጎረቤቶቻችን በሚያገለግል ማጠራቀሚያ ለመያዝ እንድታግዙን እንለምናችኋለን። ሥራው ከቡና ለቀማው በኋላ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ በሚቆይባቸው ሳምንታት ካልተጠናቀቀ፣ ጣሪያው ሌላ ክረምት ይሸከማል ብለን በሙሉ ልብ መናገር አንችልም።

አዳራሹን ያቆሙት አባቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው። በደርግ ዘመን በርካታ የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው፣ ምእመናን በየቤቱ እየተደበቁ ለመጸለይ ተገደው እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ በነበሩት ዓመታት ባሕር ዛፉን ከየጓሮው ቆርጠው፣ ጭቃውን በእግራቸው ረግጠው፣ ጭዱን በጆንያ ተሸክመው ይህን ቤት ሠሩ። ቆርቆሮው የተገዛው ከሳምንት ሳምንት በተሰበሰበ መባ ነበር። ግድግዳው በየጊዜው ምርጊት እየተደረገለት ዛሬም ደህና ነው፤ ወለሉም ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲሚንቶ ሆኗል። ጣሪያው ግን ያው የመጀመሪያው ነው።

ስለ አዳራሹ ስንናገር የእሑድ ጠዋቱን አምልኮ ብቻ የምታስቡ እንዳትኖሩ ሳምንታችን እንዴት እንደሚያልፍ ልንነግራችሁ እንወዳለን። እሑድ በመጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ፣ ቀጥሎም በአማርኛ አምልኮ ይካሄዳል፤ በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ የሚወጣውና የሚገባው ሕዝብ ደጃፉ ላይ ተገናኝቶ ይሳሳማል፤ ልጆቹም ከኋላ ባለው ጥግ የእሑድ ትምህርታቸውን ይማራሉ። ማክሰኞ የሴቶች ኅብረት የጸሎት ቀን ነው። ረቡዕ ማታ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አለ። ሐሙስ ገበያ ስለሆነ ጉባኤ አንይዝም፤ ሆኖም ከገጠር ቡናና ማር ይዘው የሚመጡ ምእመናን ዕቃቸውን የሚያሳርፉት፣ ሲመለሱም ጥላ የሚሹት በዚሁ አዳራሽ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመዘምራን ልምምድ ይደረጋል። በወር አንድ ቀን የሰፈሩ እድር ስብሰባውን የሚያደርገው እዚሁ ሲሆን፣ የእድሩ አባላት ሙስሊሞችም፣ ኦርቶዶክሶችም፣ እኛም ነን።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብን ግን የአስታማሚዎች ጉዳይ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝብ የሚታከምበት ትልቅ ሆስፒታል በመሆኑ ከዳውሮ፣ ከከፋ፣ ከኢሉባቦርና ከዚሁ ከጅማ ዞን ወረዳዎች ሕመምተኞች ወደ ከተማችን ይመጣሉ። ሕመምተኛው አልጋ ያገኛል፤ አብሮት የመጣው እናት ወይም ወንድም ግን ማደሪያ የለውም። አልጋ ቤት ለመያዝ ገንዘብ የሌላቸው፣ በከተማው ዘመድ የሌላቸው ሰዎች፣ ሃይማኖታቸው ሳይጠየቅ፣ በአዳራሹ ወለል ላይ ሰሌን ዘርግተው ያድራሉ። የሴቶች ኅብረት ጠዋት ሻይና ዳቦ ያቀርብላቸዋል፤ ዓርብ ደግሞ ከሽማግሌዎች ሁለት፣ ከወጣቶች ሁለት ሆነው ሆስፒታል ሄደው ሕመምተኞቹን ይጠይቃሉ።

ባለፈው ሐምሌ ልጇን ልታስታምም ከሩቅ ገጠር የመጣች አንዲት እናት ከእኛ ጋር አሥራ አንድ ሌሊት አድራ ነበር። ከነዚያ ሌሊቶች በአንዱ እኩለ ሌሊት ላይ የጀመረው ዝናብ እስከ ንጋት አላባራም። የጥበቃ አባታችን ከማለዳው ሊከፍት ሲገባ ሴትዮዋን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ባዶ እግሯን ቆማ፣ ወለሉን በጨርቅ ስትወለውል አገኛት። በየሚያፈሰው ቦታ ያስቀመጥናቸውን ባልዲዎችና ሳፋዎች ሲሞሉ እየደፋች፣ መልሳ እየደገነች፣ ሌሎቹ አስታማሚዎች እንዳይነቁ በእግሯ ጣት እየሄደች ሌሊቱን አንግታለች። የቅዱስ ቁርባኑን ጠረጴዛ ብቻዋን ስባ ደረቅ ወዳለው ግድግዳ አስጠግታው ነበር። «ምን ሆነሽ ነው ሳትቀሰቅሺን?» ሲላት «እናንተ ቤት ሰጥታችሁኛል፤ እኔ ውሃ መድፋት ያቅተኛል?» አለችው። ልጇ ድኖ አብረው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ ግን እንግዳ ተቀብለን በእንግዳ እጅ ቤታችንን ማስደረቃችን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነስቶናል። የዚህ ኮሚቴ መቋቋምም የሚጀምረው ከዚያ ጠዋት ነው።

የችግሩን ምክንያት በሚገባ መርምረናል። ጅማ በዓመት በአማካይ 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ በበልጉ ይጀምራል፣ ክረምቱን ሙሉ ይጠናል፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የቆርቆሮ ምስማር የገባበት ቀዳዳ በነፋስና በሙቀት ብዛት እየሰፋ ሲሄድ ውሃው በምስማሩ ዙሪያ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ምስማሩ የያዘው እንጨት ይርሳል፣ ይበሰብሳል፣ ምስማሩም ይላላል፤ ነፋሱ ቆርቆሮውን ይበልጥ ያነሳዋል። ምስጥ ደግሞ እርጥብ እንጨት ይወዳል። አናጺው ወጥቶ እያንዳንዱን ወራጅ በመዶሻ እየመታ ሲፈትሽ ከ32 ወራጆች 11ዱ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ነበር፤ አንዱን በጣቱ ሲጫነው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈርፍሮ ወደ ታች ወረደ። የእሑድ ትምህርት ቤት ልጆች የሚያፈሱትን ቦታዎች በቃላቸው ስለሚያውቋቸው ደመና ሲከብድ ሳይነገራቸው ተነስተው አግዳሚዎቹን ያሸሻሉ። ኮርኒስ ስለሌለም ዝናቡ ሲጠና ድምፁ ሰባኪውን ይውጠዋል፤ ያን ጊዜ ቄሱ ስብከቱን አቋርጠው ቆመው ይጠብቃሉ፣ ጉባኤውም እስኪያባራ በልቡ ይጸልያል።

መጠገን አይበቃም ወይ ለምትሉን፣ ሞክረነዋል። ሬንጅ ቀብተናል፤ ፀሐይ ሲመታው ተሰነጠቀ። ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ በርካሽ ያገኘነውን ስስ ቆርቆሮ በተበሳው ላይ ደራርበን መታን፤ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ዛገ፣ ያረጀውም እንጨት ተጨማሪ ምስማር ሲገባበት ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የራሳችን ነው፤ ገንዘብ ለመቆጠብ ብለን የምእመናንን ገንዘብ አባከንን። ስለዚህ አሁን የምንገዛው ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ እንዲሆን ወስነናል፤ የጌጁ ቁጥር ባነሰ መጠን ቆርቆሮው እንደሚወፍር ለማታውቁ ለመግለጽ ያህል ነው።

የጣሪያው ስፋት 240 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቆርቆሮ ተደራርቦ ሲመታ አንድ ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ስለሚሸፍን 160 ቆርቆሮ ያስፈልገናል። ወጪውን በብር ከመጻፍ በቆርቆሮ ቁጥር መግለጽን የመረጥነው ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የምንጽፈው ቁጥር ለነገ ስለማይሆን ነው። አንድ ቆርቆሮ የሚሰጥ ሰው ከ160ው አንዱን ተሸከመ ማለት ነው፤ ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ተባብሮ አንድ ቢሰጥም ለእኛ ትልቅ ስጦታ ነው። ከዚህ ሌላ ለወራጅ የሚሆን ባሕር ዛፍ፣ ሞራሌ፣ ምስማር፣ የኮርኒስ ጣውላና አሸንዳ ያስፈልጋል።

አሁን ስለ ውሃው። በሰፈራችን የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ በበጋ ወራት ቀናት የሚዘልቅ መቋረጥ ያጋጥማል፣ እናቶችም ጀሪካን ይዘው ሩቅ ይጓዛሉ። በአንጻሩ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። አዳራሻችን 220 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ስለሚሸፍን፣ 20 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት በአንድ ሌሊት ብቻ 4400 ሊትር ውሃ ከጣሪያው ወርዶ ደጁን አጥቦ፣ የጎረቤትን አጥር ሥር ሸርሽሮ ወደ አዌቱ ወንዝ ይሄዳል። ባለ 5000 ሊትር ሁለት ሮቶ በድንጋይ መሠረት ላይ ብናስቀምጥ ይህ ውሃ ለልብስ አጠባ፣ ለጽዳት፣ ለአስታማሚዎቹም ለእጅና ለእግር መታጠቢያ ይሆናል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ ይዞ ስለሚወርድ ወደ ሮቶው ሳይገባ እንዲፈስ የሚያደርግ መቀየሪያ ይገጠማል፤ ለመጠጥ የሚፈልገው ሰውም አፍልቶ መጠቀም አለበት። አንዱ ቧንቧ የሚከፈተው ከአጥራችን ውጭ፣ በመንገዱ በኩል ነው፤ ይህም ጎረቤቶቻችን ጠይቀውን ሳይሆን እኛው ተመካክረን የወሰንነው ነው፤ ምክንያቱም ለብዙ ዓመታት በጎርፋችን የተጎዱት እነርሱ ናቸው።

ገንዘቡ ለችግረኛ ቢውል አይሻልም ወይ የሚል ጥያቄ ከራሳችን ምእመናንም ተነስቷል፤ ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ስለሆነ በአክብሮት ተወያይተንበታል። ቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊዋ በነበሩበት ዘመን፣ በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የሰውን መንፈሳዊ ፍላጎትና ሥጋዊ ፍላጎት ለያይቶ ማገልገል እንደማይገባ አስረድታለች። እምነታቸውን በጉባኤ ፊት ለማጽናት የሚማሩ ወጣቶቻችንም ማርቲን ሉተር በ1529 እ.ኤ.አ. ባዘጋጀው ትንሹ ካቴኪዝም «የዕለት እንጀራችንን ስጠን» የሚለው ልመና ምግብን ብቻ ሳይሆን ቤትን፣ መልካም የአየር ጠባይንና ታማኝ ጎረቤትን ጭምር እንደሚያካትት ተምረዋል። እኛም በዚህ አዳራሽ ጣሪያ ሥር የሚያድረው ችግረኛው ራሱ መሆኑን አስበን ተስማምተናል።

የሥራው ጊዜ እንደሚከተለው ታስቧል። እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ድረስ ዕቃው ይሰበሰባል። ከገና ማግስት ጀምሮ አሮጌው ጣሪያ ይወርዳል፤ ቤተ ክርስቲያናችን የተመሠረተችበትን ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. በየዓመቱ የምናስብበት ዕለት ሲደርስ በአዲሱ ጣሪያ ሥር ለመሰብሰብ እንጸልያለን። በመካከሉ ላሉት እሑዶች እድሩ ድንኳኑን ያለ ኪራይ ፈቅዶልናል። በስተምሥራቅ ያለው ሙስሊም ጎረቤታችን ደግሞ እንጨቱና ቆርቆሮው እንዳይሰረቅ በግቢው እንድናስቀምጥ ከመጠየቃችን በፊት በሩን ከፍቶልናል። አናጺው የእጅ ዋጋውን በግማሽ ቀንሶ የሚሠራ ሲሆን፣ የቀን ሥራውን ወጣቶች በየተራ ያከናውናሉ።

ስጦታ በገንዘብ ብቻ አይደለም። የቡና ለቀማው ወቅት በመሆኑ ገበሬ ምእመናን እሸት ቡናም ሆነ ጀንፈል ብታመጡ እንደ ልማዳችን ከእሑድ አምልኮ በኋላ በጨረታ ተሸጦ ለሥራው ይውላል፤ ማር፣ በቆሎ፣ ዶሮም እንዲሁ። ከቤት ግንባታ የተረፈ ምስማር ወይም ሞራሌ ያላችሁ፣ ጉልበታችሁንም አንድ ቀን ልትሰጡ የምትችሉ፣ ሁሉም ይመዘገባል። በሩቅ ያላችሁ በማኅበረ ምእመናኑ የባንክ ሒሳብ መላክ ትችላላችሁ፤ ቁጥሩን ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቃችሁ እንድታረጋግጡ፣ በማንም ግለሰብ ስም በሚነገራችሁ ሒሳብ እንዳትልኩ አደራ እንላለን።

ለእያንዳንዱ ስጦታ ደረሰኝ ይሰጣል። ከሒሳቡ ገንዘብ የሚወጣው በገንዘብ ያዡ፣ በሽማግሌዎች ሰብሳቢና በሴቶች ኅብረት ተወካይ ሦስት ፊርማ ነው። የገባውና የወጣው በየሁለት ሳምንቱ በአዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል፤ ከጎረቤት የሰጠም ሰው ገብቶ ማየት ይችላል። ከተጠየቀው በላይ ቢገኝ ትርፉ ለአስታማሚዎች ፍራሽና ብርድ ልብስ ይገዛበታል እንጂ ለሌላ አይውልም፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

ኮሚቴው ዘወትር እሑድ ከሁለተኛው አምልኮ በኋላ፣ ረቡዕም ከጥናቱ በፊት በአዳራሹ በረንዳ ላይ መዝገብ ይዞ ይቀመጣል። ጀንፈል የምታመጡ ጆንያው ላይ ስማችሁንና ቀበሌያችሁን ጽፋችሁ ሐሙስ ለገበያ ስትመጡ ለጥበቃ አባታችን ብታስረክቡ በዚያው እሑድ ለጨረታ ይቀርባል።